የጋሽ ወረፋ የመጨረሻ ወረፋ

ጋሽ ወረፋ ከክፍያ መስኮቱ ለመድረስ ጥቂት ሰው ሲቀራቸው ደረት ኪሳቸውን በመዳፋቸው ደገፍ አደረጉት። ኪሱ አብጧል። የሕንፃው ነዋሪዎች የመብራትና የውሃ ቢል፣ እያንዳንዱ ከነገንዘቡ በላስቲክ ታስሮ፣ የምድር ቤቱ ከላይ፣ የላይኛው ፎቅ ከታች ሆኖ ተደርድሯል። እንዲህ የሚያደርጉት ሲመለሱ ደረጃውን እየወጡ ደረሰኙን ለየበሩ ለማደል እንዲመቻቸው ነው። በዚህ ሥራ የሚስተካከላቸው የለም።

ጡረታ ሳይወጡ በፊት የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። ሰው ተሰልፎ ሲጠብቃቸው ኖሮ አሁን ደግሞ ተራው የእሳቸው ሆነና ለሰው ይሰለፋሉ። «ወረፋ» የሚለውን ስም ያወጡላቸው የሕንፃው ልጆች ናቸው። መጀመሪያ ተቆጥተው ነበር፤ ኋላ ግን አንድ ሰው በስልክ «ማን ልበል?» ቢላቸው ሳያስቡት «ወረፋ ነኝ» ብለው መልሰው ብቻቸውን ሲስቁ ዋሉ።

መስኮቱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ከዛሬ በኋላ በጥሬ ገንዘብ ክፍያ እንደማይኖር ይናገራል። በስልክ፣ አለበለዚያም በባንክ። ሰልፈኛው ሁሉ የሚያወራው ይህንኑ ነው።

«የስልኩን መክፈያስ ልጆቼ ጭነውልኛል» አሉ ከኋላቸው የቆሙ ሴትዮ። «ግን ከማን ጋር ሰላም ተባብዬ ነው የምከፍለው? ከጣቴ ጋር?»

ሰው ሳቀ። ጋሽ ወረፋም ሳቁ፤ ሐሳባቸው ግን ሌላ ቦታ ነበር። ዛሬ ማታ ለልጃቸው ቁርጡን ሊነግሯት ቃል ገብተዋል። ልጃቸው ሌላ ከተማ ባል አግብታ ነው የምትኖረው። «አባዬ፣ እማዬ የለች፣ ሥራ የለህ፣ እዚያ ምን ያስቀምጥሃል? ና ከእኛ ጋር ኑር፤ ክፍልህን ቀለም አስቀብቻለሁ» ትላቸዋለች። እሳቸውም በየጊዜው «የሰው አደራ አለብኝ» እያሉ ሲያመልጡ ቆይተዋል። ውሸት አልነበረም። አደራው እንግዲህ ዛሬ ማለቁ ነው። ልጃቸውን አይጠሏትም፤ የባሏም ጠባይ ማር ነው። የፈሩት ያንን ቀለም የተቀባ ክፍል ነው፤ እዚያ ውስጥ ቁጭ ብለው ምሳ ደረሰ እስኪባሉ መጠበቁን።

ባለቤታቸው የሞተች ሰሞን እንዲሁ ቁጭ ብለው ነበር። መጋረጃውን አይከፍቱም፣ ጢማቸውን አይላጩም። አንድ ቀን የሦስተኛ ፎቋ መምህርት አንኳኳች። «ጋሼ፣ እግሬን አሞኝ መሰለፍ አቃተኝ፤ የመብራቷን ይክፈሉልኝ» አለች። እንቢ ማለት ነውር ሆነባቸውና ተላጭተው ወጡ። በማግስቱ የሁለተኛ ፎቋ ወጣት ሚስት መጣች፤ ባሏ ጭነት መኪና ይዞ አገር ለአገር የሚዞር ነው፣ ልጅ ታቅፋ መሰለፍ አልቻለችም። ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎ ሌላው። «ይኼ ሕንፃ እኔ ባልኖር በጨለማ ሊቀር ነበር» እያሉ በሆዳቸው ይኮሩ ነበር።

ተራቸው ደረሰ። ገንዘብ ተቀባይዋ ገና ስታያቸው ፈገግ አለች። አንዱን ተቀብላ፣ ሌላውን ተቀብላ፣ የሁለተኛ ፎቁ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

«አባቴ፣ ይኼ ተከፍሏል።»

«ማን ከፈለው?»

«በስልክ ነው የተከፈለው፣ በባልየው ስም።»

«ባሏማ ከመንገድ የገባው ገና ትናንት ነው። እሷም ብትሆን ስልኩ አይሠራልኝም ነው የምትለኝ።»

«ኧረ አባቴ! ከሕንፃችሁ የስልክ ክፍያ ላይ ያልተመዘገበው የእርስዎ ቤት ብቻ እኮ ነው። ሌሎቹ ከተመዘገቡ ስንት ጊዜያቸው!» አለችና ወዲያው ከንፈሯን ነከሰች። «የሚያውቁ መስሎኝ ነው።»

ጋሽ ወረፋ ፊታቸው ነደደ። ሰው ሁሉ ያያቸው መሰላቸው። ያቺ እግሯን አሞኛል ያለች መምህርት ልጇ ሲመረቅ እስክስታ ስትወርድ በዓይናቸው አይተዋታል። እንዴት አላሰቡም? ይሄ ሁሉ ሰው አልጋው ላይ ጋደም ብሎ በጣቱ መክፈል ሲችል፣ ባንክ ሄዶ ጥሬ ገንዘብ እያወጣ፣ በላስቲክ እያሰረ፣ «ጋሼ፣ ዛሬም ላስቸግርዎ ነው» እያለ በራቸውን ሲያንኳኳ ኖሯል። እሳቸው ለሕንፃው የተሰለፉ መስሏቸው ነበር፤ ለካስ ሕንፃው ነው ለእሳቸው የተሰለፈው። ሐፍረቱ ወዴት እንደሄደ ሳያውቁት ሄደ። በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ደግ ነገር ተደርጎላቸው እንደሆነ ለማስታወስ ሞከሩ፤ አላገኙም።

«አባት፣ ቶሎ ይበሉ እንጂ!» አለ ከኋላ አንድ ችኩል።

«ታገሠኝ ወንድሜ» አሉት። ከዚያ ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብለው «ልጄ፣ በዚህ መስኮት ሰው አይቼበታለሁ። እግዜር ይስጥልኝ» አሏት።

እሷም ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገችና የተረፈውን ተቀበለቻቸው።

ደረጃውን ሲወጡ የምድር ቤቱንና የአንደኛ ፎቁን ደረሰኝ ምንም ሳይናገሩ ሰጡ። ሁለተኛ ፎቅ ሲደርሱ ወጣቷ በሩን ከፈተች። ገንዘቧን እንደታሰረ ዘረጉላት። አየችውና ደነገጠች። ባሏ ከኋላዋ ብቅ ብሎ «እንዴ! እኔ እኮ ላስደስታት ብዬ ከመንገድ በስልክ ከፍዬ ነበር» አለ።

«አንተ ሰውዬ!» ብላ በክርኗ ጎሸመችው። ከዚያ አንገቷን ደፋች። «ጋሼ፣ አይቀየሙን። ያኔ መጋረጃዎ አልከፈት ሲል ፈርተን ነው።»

«ዋሽታችሁኛል» አሉ ጋሽ ወረፋ። «ባትዋሹኝ ኖሮ አልቆልኝ ነበር። ተባረኩ።»

በዚህ መሐል መምህርቷ ደረሰኟ ቢዘገይባት ደረጃውን እየዘለለች ወረደች። «አውቀዋል» አላት ባልየው። ቆም አለችና ድንገት እግሯ ትዝ ብሏት ማነከስ ጀመረች። ሁሉም በሳቅ ፈነዱ፤ የአንደኛ ፎቆቹም ሳቁን ሰምተው ወጡ። ጋሽ ወረፋ እንባቸውን እየጠረጉ ወደ ወጣቷ ቤት ገብተው ተቀመጡና ስልካቸውን አወጡ።

«በይ በስልክ መክፈሉን አስተምሪኝ። የቀረነው እኛ ቤት ብቻ ነን አሉ።»

ወጣቷ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። ቁጥሩን አስገብታ ሳትጨርስ ስልኩ እጇ ላይ ጮኸ። ልጃቸው ናት። ጋሽ ወረፋ ተቀብለው ጆሯቸው ላይ አደረጉት።

«አባዬ፣ ቀለሙ ደርቋል። መቼ ትመጣለህ?»

«ለጥየቃ እመጣለሁ፣ የኔ ዓለም።»

ልጃቸው ማኩረፍም መለመንም በሚመስል ድምፅ፣ «እዚያ ማን አለህና ነው?» አለች።

ጋሽ ወረፋ ስልኩን ከጆሯቸው አንስተው ተከትለዋቸው ወደ ገቡት ጎረቤቶቻቸው ዘረጉት።

«እስቲ ሰላም በሏት» አሉ።