የቀበጧ ድምፅ

ፍቅርተ አራት ሞተር ሳይክሎችን ሳታያቸው፣ በድምፃቸው ብቻ ለይታ ታውቃለች። ይህ ዕውቀቷ እስከዚያ ሐሙስ ድረስ ማንንም ጠቅሞ፣ ማንንም ጎድቶ አያውቅም ነበር። ፍቅርተ በምትሠራበት፣ ኳታር አል ቱማማ ሰፈር ባለው የባባ አብዱልመሊክ ቪላ ውስጥ ወጥ ቤቱና ጋራዡ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ባባ ሞተር ወዳድ ሰው ነው፤ ግን ሙቀቱ ሲበረታ ወራት ሙሉ አይነዳቸውም። ስለዚህ ሾፌሩ ኢሳይያስ ባትሪያቸው እንዳይሞት በዕረፍቱ ቀን፣ በየዓርቡ ጠዋት፣ ቅዳሴ ከመሄዱ በፊት፣ አንድ በአንድ እያስነሳ ያሞቃቸዋል። ሐዋሳ ሳለ በሞተር ዕቃ ሲያመላልስ የኖረ ነውና ስለ ሞተር ማውራት ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። ፍቅርተ ሳህን እያጠበች በጎን በር ትሰማዋለች፣ ትጠይቀዋለች፣ ሲበዛባት ደግሞ ታሾፍበታለች።

ስም ያወጡላቸው አብረው ነው። ባለ አንድ ፒስተኑን ሙቀጫው አሉት፤ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ ሲል እያንዳንዱ ምት ለብቻው ይሰማል፣ መሪውን የያዘ ሰው ንዝረቱ ክርኑ ድረስ ይደርሰዋል። ትልቁ ጥቁር ሞተር ሁለት ፒስተኖቹ እንደ ተከፈተ መቀስ የቆሙ ናቸው፤ ሁለቴ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ያርፋል፣ እንደገና ሁለቴ ይመታል። እሱን አንካሳው አሉት። ሦስተኛው ግራና ቀኝ የተኙ ሁለት ፒስተኖች አሉት፤ ሲነሳ አንዴ ወደ ጎን ወዝወዝ ይልና ከዚያ በኋላ ረጋ ብሎ ያጉረመርማል፤ ሽማግሌው እሱ ነው። አራተኛዋ ቀይ ናት፣ አራት ፒስተን በአንድ ረድፍ የተደረደረላት። ስሟ ቀበጧ ነው።

አንድ ዓርብ ኢሳይያስ የፍቅርተን እጅ የቀበጧ መሪ ላይ አስይዞ ጋዝ ሰጠ።

"ምን ይሰማሻል፣ እትዬ?"

"ምንም።"

"አየሽ፣ ሌሎቹ ፍጥነት ሲጨምሩ ሰውየውን እየነቀነቁ ይነግሩታል። ይቺ አትነግርም። እንደ ውኃ ትፈስሳለች። ስትጮህ ደግሞ ጩኸቷ ለጎረምሳ ዘፈን ነው።"

ይህን ሲላት መንሱርን ማሰቧ አልቀረም። መንሱር የቤቱ የበኩር ልጅ ነው። እሷ ኳታር የገባች ዓመት ገና በዳዴ ይሄድ ነበር፤ ያበላችው፣ ያጠበችው፣ ትኩሳቱን ታቅፋ ያሳለፈችው እሷ ናት። አሁን ጢም አብቅሏል፤ ቢሆንም እናቱ በማትሰማበት "ዩማ" ይላታል፣ እናቴ ማለቱ ነው። አባቱ ሽማግሌውን ብቻ፣ ያውም በሰፈር ውስጥ፣ እንዲነዳ ፈቅዶለታል። የቀበጧ ቁልፍ ከኢሳይያስ ኪስ አይወጣም። ባባ ያዘዘው እንዲያ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ፍቅርተ ልብስ ስታጥብ የኢሳይያስን ሱሪም ጨመረች። ማንም አላዘዛትም፤ የአገር ልጅ ነው፣ እጇም አያርፍም። ኪሱን ስትፈትሽ ቁልፉን አገኘችው። እሱ የመንሱርን እህቶች ከትምህርት ቤት ሊያመጣ ወጥቷል። ሲመለስ ልሰጠው ብላ ቁልፉን የወጥ ቤቱ መስኮት ደፍ ላይ አኖረችው። መንሱር ውኃ ሊጠጣ ገብቶ አየው፤ ከዚያ እሷን አያት።

"ዩማ፣ እስከ ስታዲየሙ ብቻ። ዞሬ እመጣለሁ።"

እሺ አላለችም። እንቢም አላለችም። ጀርባዋን ሰጥታው ቧንቧ ከፈተች። ለመንሱር ፈቃድ የምትሰጠው ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንዲህ ነበር፤ ከምሳ በፊት ቸኮላት ሲሰርቅም፣ የጥናት ሰዓት ሲያመልጥም ጀርባዋን ትሰጠዋለች። "አየሁ" አትል፣ "አላየሁም" አትል። ሰው ደግ ሲሆን እንዲህ ነው የሚያጠፋው፤ ክፉማ ቢሆን ኖሮ ይጠነቀቁት ነበር።

ግድግዳው ማዶ ቀበጧ ተነሳች። የመንሱር እናት፣ ማዳም፣ ከፎቅ ሆና ጮክ ብላ ጠየቀች፤ "ፍቅርተ፣ የቱ ነው የወጣው?"

"አሮጌው ነው፣ ማዳም።"

ስታዲየሙ አጠገብ አስፋልቱ ላይ ነፋስ ያመጣው አሸዋ ነበር። መንሱር ከነሞተሩ ተንሸራቶ ከአጥሩ ጋር ተጋጨ። ነፍሱ ተረፈች፤ ዳሌውና ጭኑ ግን ተሰበሩ።

ሆስፒታል ውስጥ አባቱ ቁልፉን ከየት እንዳመጣ ሲጠይቀው መንሱር "ኢሳይያስ ሰጠኝ" አለ። ፍቅርተ ሾርባ ይዛለት በሄደች ጊዜ ይህንኑ በጆሮዋ ሹክ አላት። "አትፍሪ ዩማ፣ ስምሽን አላነሳሁም።" እጇን ያዘና ፈገግ አለላት፤ ስጦታ የሰጣት መስሎታል። እሷም ማንኪያውን ወደ አፉ ወሰደች እንጂ "ለምን ዋሸህ" አላለችውም። ተገላግያለሁ ብላ እንደተነፈሰች እሷ ራሷ ታውቃለች፤ ያ እፎይታ ነው ኋላ እንደ እሳት የፈጃት።

ባባ አብዱልመሊክ የልጁን ቃል አመነ። ኢሳይያስ ለልጁ ቁልፍ የሰጠው ጉርሻ ለምዶ ነው ብሎ ደመደመ። ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ እንዲሰረዝ አዘዘ። ኢሳይያስ ቁልፉ የት እንደጠፋው ቢያስብ ቢያስብ አልመጣለትም። ሻንጣውን ማዘጋጀት ጀመረ። መሃል መሃል ወጥ ቤት እየገባ ፍቅርተ የምትቀዳለትን ሻይ ይጠጣል።

"ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ዥግራ ናት ይሏታል" አላት አንድ ቀን። "ሰውየው ቢያባርረኝ አይገርመኝም፤ ልጁ ነው የተሰበረው። የሚገርመኝ መንሱር ነው። ምን በደልኩት? አንቺ አሳድገሽዋል፣ ታውቂዋለሽ፤ እስኪ ንገሪኝ፣ እትዬ፣ ለምን ዋሸብኝ?"

ፍቅርተ ስኳር ጨመረችለት። "እኔ ምን አውቃለሁ" አለች።

አልጋዋን ስታነጥፍም፣ ሽንኩርት ስትከትፍም የኢሳይያስ ጥያቄ አልለቅ አላት። ብትናገር እሷ ትባረራለች፤ ብትባረር መንሱርን ማን ያስታምመዋል? እያለች ራሷን ታታልላለች። ልጁ ሆስፒታሉ ውስጥ ከሷ እጅ ካልሆነ አይበላም፤ ይህ እውነት ነው። ግን ሰው እውነትን ለውሸት መደገፊያ ሲያደርገው ያው ውሸት ነው። ይህን ያወቀችው ኢሳይያስ ሻንጣውን እየጎተተ በግቢው ሲያልፍ አይታው ነው። እጇን በቀሚሷ ጠራረገችና ወጣች።

ባባና ማዳም ጋራዡ በር ላይ ቆመው ነበር። የተሰበረችው ቀበጧ በመኪና ተጭና መጥታ፣ አንድ ጎኗ ተፍቆ፣ ከሌሎቹ መጨረሻ ቆማለች።

"ባባ፣ ቁልፉን ኢሳይያስ አልሰጠውም። ከሱሪው ኪስ ያገኘሁት እኔ ነኝ። መንሱር ሲወስደው እያየሁ ዝም አልኩት። ማዳም ስትጠይቀኝም ዋሸኋት።"

ኢሳይያስ ሻንጣውን እንደያዘ በቆመበት ቀረ።

"የአገርሽን ልጅ ለማትረፍ ነው" አለ ባባ። "ጥሩ ልብ አለሽ። ነገር ግን ልጄ የተናገረውን ተናግሯል።"

"ልጅህ የዋሸው ለኔ ብሎ ነው።"

"እሷ የሞተር ድምፅ የት ታውቃለች?" አለች ማዳም ቶሎ ብላ። "ለኛ ለሴቶቹ ሁሉም ጫጫታ ነው። አሮጌው ነው አለችኝ፣ መስሏት ነው። ተሳሳተች እንጂ አልዋሸችም።"

ባባ አገጩን አሻሸ። "እንግዲያው ቀላል ነው። ድምፁን የምትለዪ ከሆነ ያን ዕለት ማዳምሽን ዋሽተሻል፤ አምንሻለሁ። የማትለዪ ከሆነ ደግሞ አሁን የምትዋሺው እኔን ነው፤ እሱም ይሄዳል። ያላ፣ ወጥ ቤት ግቢና በሩን ዝጊው።"

ማዳም አብራት ገባች። በሩ እንደተዘጋ የፍቅርተን ክንድ ያዘች።

"አላውቅም በይ" አለቻት በሹክሹክታ። "አንዱን ብቻ ተሳሳቺ፣ ኸላስ፣ ያልቃል። ሾፌር ሌላ ይገኛል። ለመንሱር ግን አንቺን ከየት አመጣለታለሁ?"

ይህችኑ ሐሳብ ፍቅርተም ስታመነዥካት ነው የሰነበተችው።

ማዶ አንዱ ተነሳ። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። መስኮቱ ላይ ያለው ብርጭቆ ተንቀጠቀጠ። ዝም ብትል፣ ወይም ሌላ ስም ብትጠራ፣ ማንም "ለምን ተሳሳትሽ" አይላትም። መሳሳት ወንጀል አይደለም። ባባም ይቅር ይላታል፣ እንዲያውም ደግነቷን ያስባል።

"ባለ አንዱ ፒስተን" አለች ጮክ ብላ።

ቆመ። ሌላ ተነሳ፤ አንዴ ወዝወዝ ብሎ ረጋ።

"አሮጌው። ግራና ቀኝ የተኛው።"

ጠፋና እንደገና ተነሳ፤ አሁን ግን ድምፁ ወፈረ፣ ፈጠነ። ባባ ሊያታልላት ፈልጓል።

"ያው አሮጌው ነው። ጋዝ ጨምረህበት ነው።"

ማዳም ክንዷን ለቀቀቻት። ቀጥሎ አንካሳው ሁለቴ ሁለቴ እየመታ ተነሳ፤ እሱንም ተናገረች። ከዚያ ዝምታ ሆነ። ያለቀ መስሏት ወደ በሩ ስትራመድ ሞተር ለመነሳት ሲታገል ሰማች፤ አንዴ እንቢ አለ፣ ሁለቴ እንቢ አለ፣ ከዚያ ያዘ። ምንም ንዝረት የለውም፤ ብርጭቆው ንቅንቅ አላለም። ቀጭን ሆኖ ይጀምርና ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ይወጣል። ፍቅርተ ስሙን ለመጥራት አፏን ስትከፍት ግን የቀደማት አለ።

"አጥፋው!" ማዳም ሁለት ጆሮዎቿን በእጆቿ ደፍና ግድግዳውን በክርኗ ትመታ ነበር። "አጥፋው፣ እሱ ነው፣ አጥፋው!"

ድምፁ ተቋረጠ። ባባ በሩን ከፍቶ ቆመ። ፍቅርተን አላያትም፤ ያየው ሚስቱን ነበር። ማዳም እጆቿን ከጆሮዎቿ አላወረደችም። ፎቅ ላይ ሆና "የቱ ነው" ብላ የጠየቀችው ሳታውቅ እንዳልነበረ፣ "አሮጌው ነው" የሚላት ሰው ፈልጋ እንደነበር፣ ያን ጊዜ ለሦስቱም ግልጽ ሆነ። ልጇ እንዳይቆጣት ፈርታ ይሁን ከባሏ ጋር ጭቅጭቅ እንዳይነሳ ብላ፣ ማንም አልጠየቃትም፤ እሷም አልተናገረችም።

ባባ ወደ ግቢው ዞሮ "ሻንጣህን መልስ" አለው ኢሳይያስን። ከዚያ ለፍቅርተ ፍርዱን ተናገረ፤ ሳይጮህ፣ ዓይኗን ሳያይ። "ልጁ ያለ አንቺ አይሆንለትም። እስኪራመድ ትቆያለሽ። ያለ ደጋፊ የተራመደ ዕለት ወደ አገርሽ ትሄጃለሽ።" ማዳም የራሷን ድርሻ አንስታ አልተከራከረችላትም።

በማግስቱ ፍቅርተ ሻይ ቀድታ ለኢሳይያስ ክፍሉ ድረስ ወሰደችለት። በሩ ላይ ቆሞ ብርጭቆውን ተመለከተው እንጂ አልተቀበላትም።

"ያን ሁሉ ጊዜ ስትቀጂልኝ ታውቂ ነበር።"

"አውቅ ነበር፣ ኢሱ።"

"ስኳሩን እንኳን አልረሳሽም" አለና በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። ምስጋና ባትጠብቅም ስድብ ግን ጠብቃ ነበር፤ ቢሰድባት ኖሮ ይቀላት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሱሪውን ራሱ ያጥባል፤ ዓርብም ሞተሮቹን ሲያሞቅ የጎን በሩን ይዘጋዋል።

መንሱር ከሆስፒታል ወጥቶ ቤት ገባ። አባቱ ፍቅርተ እውነቱን እንደተናገረች ነግሮታል፤ ልጁ አንድ ቀን ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዋለ፣ ኢሳይያስንም አስጠርቶ ይቅርታ ለመነው። ስለ ፍቅርተ መሄድ ግን ማንም አልነገረውም። ፍቅርተም አልነገረችውም። ሐኪሙ በየቀኑ ያራምዱት ብሏልና በየቀኑ ከሰዓት ክንዱን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ከሳሎኑ ጥግ እስከ ጥግ ታመላልሰዋለች። መጀመሪያ ሁለመናው እሷ ላይ ነበር። ከዚያ ግማሹ። ቀኑ በሄደ ቁጥር ክብደቱ ከትከሻዋ ላይ እየቀነሰ ሲሄድ ትሰማዋለች። በየምሽቱ እግዚአብሔር እንዲያድነው ትለምናለች፤ ስትለምን ግን ድምፅዋ ከአፏ አይወጣም።

አንድ ከሰዓት ሳሎኑ መሃል ሲደርሱ መንሱር ቆመ። ትከሻዋ ላይ የቀረው የመዳፉ ሙቀት ብቻ ነበር። እግሮቹ አልተንቀጠቀጡም።

"ልቀቂኝ፣ ዩማ። የምችል ይመስለኛል።"

እንደሚችል እሷም ታውቃለች። ክንዷን በወገቡ ዙሪያ አጠበቀች።

"ገና ነህ" አለችው።

መንሱር አመናት፤ ክብደቱንም መልሶ ትከሻዋ ላይ ጣለው።