አሥራ አምስቱ ቀን

ቢቸና ውስጥ መብራት አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ሳይጠፋ ሰንብቶ አያውቅም። ይህን የቢቸናም የሞጣም ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ብቻ ኮሌጅ ገብቼ ኮምፒዩተር ስማር ረሳሁት።

በ2006 ዓ.ም. እዚያው ቢቸና ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት የኮንትራት ሠራተኛ ሆኜ የመምህራን ዝውውር ፕሮግራም ሠራሁ። አንድ መምህር ማመልከቻ ሲያስገባ፣ የሚቃወም ካለ ተብሎ አሥራ አምስት ቀን ይጠበቃል፤ ከዚያ ፋይሉ በራሱ ወደ ኮሚቴው ይሄዳል። ለዚህ ብዬ ታይመር ጻፍኩ፤ «ይህን ያህል ጊዜ ቆጥረህ ይህን ትእዛዝ ፈጽም» የምትል አንዲት መስመር። በአሥር ሴኮንድ ሞከርኳት፤ ሠራች። ኃላፊው አቶ ቢያድግልኝ በስብሰባ ላይ አስጨበጨቡልኝ። እኔም ጅሉ ደረቴን ነፋሁ።

ሞጣ ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩኝ ቲቸር ወይንእሸት ወደ ቢቸና ለመዛወር ካመለከቱት የመጀመሪያዎቹ አንዷ ነበሩ። እናታቸው እማማ ውበቴ ቢቸና ላይ የአልጋ ቁራኛ ሆነዋል፤ ሌላ ልጅ የላቸውም፤ ውኃ እንኳ የምታቀብላቸው ጎረቤት ናት። ቲቸር ዓርብ ዓርብ የጠዋት ክፍላቸውን ጨርሰው በደብረ ወርቅ በኩል በአውቶቡስ ይመጣሉ። እናታቸው ዘንድ ከመድረሳቸው በፊት የእኔን ቢሮ ያንኳኳሉ። እኔም ስክሪኑን አይቼ የቀረውን ቀን እነግራቸዋለሁ።

እንዲህ ስንል አምስት ወር ሞላ። አንድ ዓርብ ከቦርሳቸው የደብተር ቅጠል አወጡ።

«ስማ ምናለ፣ የነገርከኝን ሁሉ ጽፌዋለሁ። ዘጠኝ ቀረ። አሥራ ሦስት ቀረ። ስድስት ቀረ። አሥራ አራት ቀረ። እኔ መቀነስ ያስተማርኩህ እንዲህ ነው?»

ወረቀቱን ሳየው ነገሩ ገባኝ። መብራት በጠፋ ቁጥር ታይመሩ የቆጠረውን ይረሳል፤ መብራት ሲመጣ ደግሞ ለሁሉም ፋይል እንደ አዲስ ከአንድ ይጀምራል። የማብቂያውን ቀን ጽፌ ባስቀምጥ ኖሮ ይበቃ ነበር። በአምስት ወር ውስጥ አንድም ፋይል ኮሚቴው ዘንድ አልደረሰም።

«አጣራለሁ፣ ቲቸር» አልኳቸው።

ለአቶ ቢያድግልኝ ነገርኳቸው። በሩን ዘጉና ሳቁ።

«እንዳትነካው! ድሮ ታምሜያለሁ፣ ወልጃለሁ እያለ ሁሉም የሚጮኸው እኔ ላይ ነበር። አሁን ኮምፒዩተሩ አልጨረሰም ስለው አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። ደግሞ ኮንትራትህ የሚታደሰው በዚህ ወር መሰለኝ።»

የሁለት ሰዓት ሥራ ሃያ ሁለት ቀን ይዤ ተቀመጥኩ። ዓርብ በመጣ ቁጥር «እያጣራሁ ነው» እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ያምኑኛል። ተማሪያቸው ነኛ!

ኮንትራቴ በታደሰ ማግስት አስተካከልኩት። አቶ ቢያድግልኝ ሲሰሙ ጠረጴዛ መቱ፤ ፋይሎቹ ግን ሄደው ነበር። በሳምንቱ የቲቸር ዝውውር ጸደቀ። ደብዳቤውን ራሴ ይዤ በባጃጅ ወደ እማማ ውበቴ ቤት ሄድኩ።

ደጃፉ ላይ ድንኳን ተተክሏል። ቲቸር ጥቁር ለብሰው ተቀምጠዋል። ደብዳቤውን ሰጠኋቸው፤ እስከ ማኅተሙ ድረስ አነበቡት።

«ጥፋቱን መቼ አወቅከው?»

መዋሸት እችል ነበር። «ወረቀቱን ያሳዩኝ ዕለት» አልኩ።

በጣታቸው ቆጠሩ።

«ያን ጊዜ እናቴ ትናገር ነበር» አሉና ደብዳቤውን አጥፈው መለሱልኝ።