የኮሎኔሉ ሦስተኛ ሻይ

ኮሎኔል ያህፍዱ አገር በሚመራበት ዘመን ከእኔ በቀር የማንንም ሻይ አይጠጣም ነበር። የእኔንም ቢሆን መጀመሪያ እኔው እቀምስለታለሁ። ቀምሼ እስክውጥ፣ ውጬም ትንሽ እስክቆይ ድረስ ዓይኑን ከጉሮሮዬ አይነቅልም።

«አንድ ጡት ጠብተን አድገን እኔንም ትጠረጥራለህ?» ስለው፣ «አንቺን አይደለም፣ ስኳሩን ነው» ይለኛል።

አንድ ጡት መጥባታችን እውነት ነው። እናቴ የእናቱ የእሜቴ ተክበር ባሪያ ነበረች። እሱ ጠግቦ ሲተኛ የተረፈውን እኔ እጠባለሁ። በእኛ ዘንድ የጡት እህት እንደ ሥጋ እህት ናት፤ አያገባትም፣ ፊቷን አትሸፍንለትም፣ ሰው በሌለበትም «አንተ» ትለዋለች። ውርስ ላይ ብቻ ነገሩ ይለያል፤ የሥጋ እህት ትወርሳለች፣ እኔ ግን እወረሳለሁ። ልጄ ዘይዳም እንደዚያው። ጥርሷን እንኳ ቀይራ አልጨረሰችም፣ ምሥራቅ በእሜቴ ድንኳን ውስጥ ፍየል ታልባለች። የእሜቴ የልጅ ልጅ ስትዳር ለሙሽራዋ በስጦታ እንደምትሰጥ ተነግሮኛል። እኔን ማንም አልጠየቀኝም።

ስለዚህ ያህፍዱ ባርነትን የሚሽር አዋጅ ማዘጋጀቱን ስሰማ ሌላውን ሕዝብ አላሰብኩም፣ ያሰብኩት ዘይዳን ነው። አዋጁን የምናውቀው እሱ፣ ያረቀቀው ሻለቃ ብራሂምና እኔ ነበርን። እኔን ግን አልቆጠሩኝም፤ ሻይ የሚቀዳ ሰው ጆሮ ያለው አይመስላቸውም። ምስጢር የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። የጦሩ ግማሽ የምሥራቅ ጌቶች ልጅ ነው። ቀድመው ከሰሙ ወይ እሱን ይገለብጡታል፣ ወይ ባሮቻቸውን ድንበር ያሻግሩና አዋጁ ለባዶ በረሃ ይነበባል። ዘይዳንም ያሻግሯታል።

ሰኞ ረፋድ ላይ ዳህ መጣ። ዳህ የምሥራቅ ጎሳዎች አለቃ ነው፤ የእሜቴ ታናሽ ወንድም። ከኋላው ነጫጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌዎች ተከትለውት ገቡ። የመጀመሪያውን ሻይ ስለ ዝናብና ስለ ግመል እያወራ ጠጣ። ሁለተኛውን ጠጥቶ ብርጭቆውን ሲያስቀምጥ ፈገግ አለ።

«ያህፍዱ ልጄ፣ ጁምዓ ከሶላት በኋላ በሬዲዮ ምን ልታስነብብ ነው?»

በራዱን እንደያዝኩ ቀና አልኩ። ያህፍዱ ግን ፊቱን አልለወጠም።

«ዜና ነዋ። ሬዲዮ ሌላ ምን ያነባል?»

«ዜናውንማ ሰምተነዋል። እንግዲያው መጀመሪያ ይህችን በራድ የያዘችውን ፍታት። የቤቱን ሳይጠርግ የሰፈሩን ሊጠርግ!»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ዳህን ጠላሁት፤ ይበልጥ የጠላሁት እውነቱን ስለተናገረ ነው። ሦስተኛውን እየቀዳሁ ሳለ ብድግ አለ።

«የምሥራቅ ሰው ንብረቱን ማሸሽ ያውቅበታል» አለና ወጣ።

በእኛ አገር ሦስተኛውን ሻይ ሳይጠጣ የሚነሳ እንግዳ ወይ ቤቱ እየተቃጠለበት ነው፣ ወይ ጠብ ፈልጓል። የዳህ ቤት አልተቃጠለም።

ሻለቃ ብራሂም ምሳውን ሳይበላ ታሰረ። ሚስቱ የምሥራቅ ሴት ናት፣ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገም። ከዚያ ሾፌሩ ተጠየቀ፣ ቀጥሎ ወጥ ቤቱ። ያህፍዱ ጠባቂዎቹን ለወጠ፣ ጥቂት ቆይቶ የለወጣቸውንም ለወጠ። ረቡዕ ዕለት ሊጠረጠር የቀረው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

«አንቺስ መስዑዳ?» አለኝ ብርጭቆውን ሳይነካ።

«እኔ ምን?»

«ዳህ ምን ቃል ገባልሽ?»

«ለዳህ ነግሬ ልጄን ላሻግር? አሸዋ ገባ እንዴ ጭንቅላትህ ውስጥ?»

ፊቱን አየሁት፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የማውቀው ሰው ነው። ትምህርት ቤት ሲገባ እናቱን አስመርቆ ነው። ጦር ሜዳ ሲሄድም አስመርቆ ነው። መንግሥት ሲገለብጥ እንኳ፣ አላህ ያሳያችሁ፣ አስመርቆ ነው የገለበጠው!

«ለመሆኑ ተመርቀሃል?» አልኩት።

«እንዴታ! ባለፈው ኀሙስ በጦር ሬዲዮ አናገርኳት። እንዲህ ያለ ነገር ያለ እናት ምርቃት ይጀመራል?»

«ምን ብለህ አስመረቅሃት?»

«ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ምኑን ትመርቃለች? ነገርኳት። እያለቀሰች መረቀችኝ።»

«ዳህስ የማን ወንድም ነው?»

ፊቱ ቀስ እያለ ሲጠቁር አየሁት። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ አሉ፤ ይሄኛው ግን ወድቆም ፈረሱን የሚያማ አይደለም።

«እናቴን በዚህ ነገር አታንሺብኝ» አለኝ።

«እሺ፣ አላነሳም። ብራሂምን ፍታው።»

«ከፈታሁት ሰው ‹ታዲያ ማን ነበር?› ይለኛል።»

ሐቁን ለመናገር፣ ያህፍዱ አልፈራም። መኮንኖቹ እየተፈራረቁ «ይቅርብዎት» ሲሉት፣ አንዱም ሽጉጡን እየነካካ ሲያስፈራራው አልተመለሰም። ጁምዓ ከሶላት በኋላ አዋጁ ተነበበ። ከአጥሩ ማዶ ከድሆች ሰፈር እልልታ ተሰማ፤ እኔም ከሰል ማንደጃው አጠገብ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ኮራሁበት። አንድ ጡት መጥባታችንን ያን ቀን ወደድኩት።

ሻይ አፈላሁ። የመጀመሪያውን ቀምሼ ሰጠሁት፣ ጠጣ። ሁለተኛውንም እንዲሁ።

«አሁን ዘይዳን አስመጣልኝ» አልኩት። «እዚያ ምሥራቅ ካለው ጦር ሰፈር አንድ መኪና እሜቴ ድንኳን ይሂድ። ሕግ ሆኗል እኮ።»

«ትመጣለች።»

«መቼ?»

«ኀሙስ ይሁን።»

«ዳህ ሰዎቹን እያሻገረ? ለምን ኀሙስ?»

ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሳ። «ከእናቴ ጋር የምነጋገረው ኀሙስ ነው። ላስፈቅዳት እንጂ። ወታደር በድንገት ድንኳኗ ሲደርስ ምን ትላለች?»

ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። ሦስተኛው ሻይ ከነናናው ከሰሉ ላይ ይንተከተክ ነበር። ተነሳሁና መልሐፋዬን በደንብ ተከናነብኩ።

«ወዴት ነሽ?»

«ምሥራቅ። ልጄን ላመጣ። ገበያው ዳር የሚጫን መኪና አይጠፋም።»

«ሦስተኛውን ሳትቀጂ?»

«ፈልቷል። ራስህ ቅዳ።»

በራዱን አየው፤ ጉሮሮዬን በሚያይበት ዓይን አየው። እጁን ግን አልዘረጋም።

«መስዑዳ፣ ማን ይቀምስልኛል?»

«እናትህ ትቅመስልህ» አልኩትና ወጣሁ።