የሄኖክ መርዶ

ልብስ ሰፊው ሄኖክ ሞትን ሳይቀምስ ወደ ሰማይ የወጣው በጥቅምት ወር፣ አንድ ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ ነው። ብዙ አልቆየም። ማምሻውን ተመልሶ ግቢው ውስጥ በባዶ እግሩ ቆመና ጫማውን እዚያ ረስቶ እንደመጣ ለሚስቱ ለትርንጎ ነገራት። «መጣሁ» ብሏት ዳግመኛ ወጣ። ከዚያ በኋላ አልተገኘም።

ትርንጎ ራቱን ከድና አስቀመጠችለት። ጫማ መርሳት የቆየ አመሉ ስለነበር አልደነቃትም። የሰፈሩ ሰው ግን ተደነቀ፤ ሄኖክ አካሄዱን ከፈጣሪ ጋር ያደረገ ሰው ነው እያለ ያወራ ጀመር። እሷም አላስተባበለችም። አካሄዱን ከፈጣሪ ጋር ያደረገ ባል ከሚስቱ ጋር ገበያ እንደማይሄድ ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

ከተማዋ ወሎ ውስጥ ያለች የመንገድ ዳር ከተማ ናት። ሰውየው እናቱ ባወጡለት ስም ሄኖክ፣ አባቱ ባወጡለት ኢድሪስ ይባላል፤ በዚያ አገር ሁለት ስም ያለው ሰው ሁለት በዓል ከመብላቱ በቀር ልዩ ነገር የለውም። በወጣ በሳምንቱ ከቤቱ በላይ፣ ከባሕር ዛፎቹ ጫፍ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ የስፌት መኪና ድምፅ ይሰማ ጀመር። ጨርቅ ሰጥተውት የነበሩ ደንበኞች ልብሳቸውን ተሰፍቶና ተተኩሶ ከትርንጎ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ያነሱ ነበር። አንድ የአውቶቡስ ረዳት እጅጌው አጥሮብኛል ብሎ ወደ ላይ ጮኸ፤ በማግስቱ ረዘመለት። ለትርንጎ ግን ክር እንኳ አልወረደላትም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ። ትርንጎ ከባለትዳሮቹም ከመበለቶቹም መካከል መቀመጫ አጣች። ባለትዳሮቹ ስለ ባሎቻቸው ሲያሙ የእሷ ባል ጻድቅ ስለሆነ ሐሜት ተከለከለች፤ መበለቶቹ ሲያለቅሱ ደግሞ የእሷ ባል ሕያው ስለሆነ ልቅሶ ተከለከለች። ከሁሉ የከፋው እንባዋ መድረቁ ነው። እናቷ ሲሞቱ አላለቀሰችም፤ ወንድሟ ሲሞት አላለቀሰችም። የፊተኛው ሐዘን መንገዱን ዘግቶ ስለተቀመጠ የኋለኛው መውጫ አጣ። ድግስ ያለበት ሁሉ ሽንኩርት እንድትከትፍ ይጠራት ጀመር፤ ከትፋ ትጨርስና ዓይኗ እንደ ደረቀ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ሴቶቹ ይህን ከሙያ ቆጥረው ያመሰግኗት ነበር።

በመጨረሻ የእድሩ ዳኛ አቶ አሊጋዝ ዘንድ ሄደችና ድንኳን እንዲተከልላት ጠየቀች። ሦስት ቀን ተቀምጬ ላልቅስ፣ እርሜን ላውጣ፣ ከዚያ በኋላ ማንንም አላስቸግርም አለች። አሊጋዝ ክፉ ሰው አልነበረም። እድሩ ለሞተ ሰው እንጂ ለቀረ ሰው ድንኳን እንደማይተክል በትዕግሥት አስረዳት።

«ትናንት የእኔን ሱሪ አሳጥሮ አወረደልኝ» አላት። «ሱሪዬን ያሳጠረልኝን ሰውዬ እንዴት ብዬ ሞተ ልበል፣ እትዬ ትርንጎ?»

ሆኖም አንድ መንገድ አልደበቃትም። በሩቅ አገር የቀረ ሰው አስከሬኑ ሳይመጣም ይለቀስለታል፤ የሚያውቅ ሰው መጥቶ መርዶውን በደንቡ ካረዳ ይበቃል። መርዶ ነጋሪ ካመጣሽ ድንኳኑ የአንቺ ነው አላት።

ትርንጎ የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ወጣች። መምሬ ቀጸላ ሄኖክ በብሔረ ሕያዋን እንደሚኖር፣ በዘመን ፍጻሜ ከኤልያስ ጋር ወርዶ ሐሳዊ መሲሕን እንደሚገሥጽ፣ ያን ጊዜም ተገድሎ አደባባይ ላይ እንደሚጣል ነገሯት። እንግዲህ ልቅሶው ያን ጊዜ ነው። ያን ጊዜ አልቃሽ ማን ይተርፋል ብትላቸው፣ ጥያቄው መልካም እንደሆነ መስክረው ወደ ቅዳሴያቸው ገቡ። ሼህ ሙሄ ደግሞ ወዳጁ የሆነ መልአክ በክንፉ አዝሎ እንደወሰደው፣ ጀነት ገብቶ ከወጣ በኋላ በጫማው አሳቦ ተመልሶ እንደገባና አልወጣም እንዳለ አጫወቷት። አራተኛው ሰማይ ላይ ሞቷል የሚሉም አሉ አሏት፤ እሳቸው ግን መርዶ የሚያህል ነገር አፋቸውን ሞልተው ለመናገር አልደፈሩም።

ከጎንደር በኩል መጥቶ እዚያው የቀረው ቤተ እስራኤላዊው አንጥረኛ ቢያድግልኝ ወናፉን ሳያቆም ነው ያናገራት። የሩቅ አገር የአይሁድ ሊቃውንት፣ ሄኖክ ሥጋው ወደ እሳት ተለውጦ የሰውን ሁሉ ሥራ የሚመዘግብ ጸሐፊ ሆኗል ይላሉ አላት።

«ለሁሉ ይጽፋል፣ ለእኔ ብቻ አይጽፍም» አለች ትርንጎ።

ከሊቃውንቱ መካከል ሌላ የሚሉም አሉ አለ ቢያድግልኝ። ሰውየው አንድ ቀን ጻድቅ አንድ ቀን ኃጥእ እየሆነ ስላስቸገረ፣ በደጉ ቀን ሳለ በጥድፊያ ተወሰደ ይላሉ። ትርንጎ ይህኛውን አመነች። ሄኖክ ማክሰኞ ማክሰኞ ደግ ነበር።

ጥቂት ሰንብቶ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ በሯ ተንኳኳ። ግቢው ውስጥ የነበሩት ዶሮዎች በሙሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ደጃፉ ላይ የቆመው ረጅም፣ ቀጭን፣ ልብሱ አቧራ የጠገበ ሰው ነበር።

«ሄኖክ የሚባል፣ ኢድሪስም ይሉታል፣ ቤቱ እዚህ ነው?»

«ነበር» አለች ትርንጎ። «እርስዎን ማን ልበል?»

ማንነቱን ነገራት። መልአከ ሞት ነው። በርጩማ አወጣችለት፤ ቶሎ መነሣት እንደለመደ ሰው ጫፉ ላይ ተቀመጠ።

ያን ማክሰኞ የሆነውን ያወቀችው ከእሱ ነው። የሄኖክን ነፍስ እላይ እንዲቀበል ታዝዞ ወጣ፤ ወርዷል ተባለ። ወደዚህ ወረደ፤ ጫማውን ሊያመጣ ወጥቷል ተባለ። መንገድ ላይ ተላልፈዋል። ከዚያ ወዲህ ሄኖክ የገባበት በር ለእሱ አይከፈትም። ወደ ሰፈሩ በሥራ በመጣ ቁጥር የስፌት መኪናውን ድምፅ ከላይ እየሰማ፣ አንገቱን ደፍቶ ሲያልፍ ኖሯል።

«እኔንም እንዲሁ ነው ያደረገኝ» አለችው።

ልትፈራው አስባ ነበር፤ ነገር ግን ለማወቅ ያላት ጉጉት ፍርሃቱን ቀደመው። ለልቅሶ ቆይቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው። ቆይቶ አያውቅም። ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ ከኋላው ጩኸት ይሰማል፤ ዞሮ አይቶ ግን አያውቅም። ትርንጎም የእሱን ሥራ ተከትሎ የሚመጣውን አስረዳችው። ሽማግሌዎች ጎሕ ሳይቀድ እንደሚሰበሰቡ፣ ሐዘንተኛው እህል ሳይቀምስ ደጁን እንደሚመቱ፣ አንዱ እንደሚናገርና ሌሎቹ እንደሚደግፉት ነገረችው። ስለ ገዛ ቤቱ ከጎረቤት እንደሚሰማ ሰው አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጣት።

«መርዶዬን እርስዎ ይንገሩኝ» አለችው።

«ሞተ አልልም። አልሞተም።»

«ሞተ ይበሉኝ አላልኩም።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«የሚያውቁትን።»

ውሸት ተናግሮ እንደማያውቅና ለመናገርም ዕድሜው እንዳለፈ ነገራት። ከዚያ መርዶው የሚነገርበትን ሰዓት ጠየቃት።

በማግስቱ፣ አህያ ከአህያ በማይለይበት ጨለማ፣ አሊጋዝ መምሬ ቀጸላን፣ ሼህ ሙሄንና ቢያድግልኝን አስከትሎ መጣ። እንግዳው ከፊት ቆሟል። እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ስላላወቀ ሼህ ሙሄ ጋቢያቸውን አውልቀው ደረቡለትና ጫፉን አስያዙት። ትርንጎ በሩን ከፍታ ወጣች። ሌሊቱን ሙሉ ልብሷን ለብሳ ነበር የተቀመጠችው፤ ሌላው ሁሉ ሞክሮ ያልቻለውን ይህ ሰው ካልቻለ እስከ ዕለተ ሞቷ ሽንኩርት ስትከትፍ እንደምትኖር ታውቃለች።

«እመት ትርንጎ» አለ እንግዳው፤ «ባልዎን ፈልጌ አጣሁት። ያጣሁት ሰው እሱ ብቻ ነው።»

መምሬ ቀጸላ ኤልያስን ሊያስታውሱ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሼህ ሙሄ በክርናቸው ጎሰም አደረጓቸው።

ትርንጎ መጀመሪያ ሳል መሰላት። ከዚያ ከሆዷ ሥር የተነሣ ድምፅ ወጣ፣ እንባዋም ተከተለ። ሄኖክን አለቀሰች፣ ቀጥላ እናቷን፣ ቀጥላ ወንድሟን፣ ወረፋቸውን ጠብቀው እንደወጡ። የመኪናው ድምፅ ከላይ ቆመ። ሁሉም ሰሙ፤ ማንም አላነሣውም። አሊጋዝ መርዶው በደንቡ መሆኑን አረጋግጦ ድንኳኑን ሊያስመጣ ሄደ።

ሦስት ቀን ተለቀሰ። እንግዳው የኋለኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ንፍሮ ቃመ፤ አልቃሾቹን አንድ በአንድ ያይ ነበር። አሊጋዝ ካርታ አስተማረውና ደጋግሞ አሸነፈው። በእነዚያ ቀናት በአካባቢው ሰው አልሞተም። የመምሬ ቀጸላ አክስት፣ ኑዛዜ የጨረሱት፣ ተነሥተው ጎመን ዘሩ።

በሦስተኛው ቀን ድንኳን የሚነሣበት ሰዓት ደረሰ። የእድሩ ጎረምሶች ካስማውን ነቀሉ፣ ምሰሶዎቹን አወጡ። ድንኳኑ አልወደቀም። መካከለኛው ምሰሶ በነበረበት አናቱ ላይ ሸራው በጣት እንደተቆነጠጠ ጨርቅ ተሸብሽቦ ባለበት ቆመ።

ትርንጎ ቀና ብላ አየችው።

«ልቀቀው፣ ሄኖክ» አለች። «የእድር ነው።»

ሸራው ከፍ አለ። ገመዶቹ ከመሬት እየተነሡ በለቀስተኞቹ ፊት እየተወዛወዙ አለፉ። ማንም አልያዛቸውም። እንግዳው ብቻ ካርታውን በአግዳሚው ላይ ደፍቶ ተነሣ፣ የመጨረሻውን ገመድ ጫፍ በእጁ ጠመጠመና ወደ ትርንጎ ዞሮ ጠበቀ።

ትርንጎ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች።

«ጠበቅ አድርገው ይያዙ» አለችው።

እግሮቹ መሬት ለቀቁ። ድንኳኑ ከባሕር ዛፎቹ በላይ ሆነ፣ ከጭልፊቶቹ በላይ ሆነ፣ ከዚያ ሰማዩ ባዶ ሆነ። ጥላው ግን አብሮ አልሄደም። መጠኑ ሳይቀንስ፣ አራት ማዕዘኑን እንደያዘ፣ ግቢው ውስጥ ቀረ። ሰዎቹ ከአግዳሚያቸው ሳይነሡ መሬቱን ይመለከቱ ነበር። ከጥላው ጠርዝ የአንድ ገመድ ጥላ ወጥቶ ተዘርግቷል። በገመዱም ጥላ ላይ ትንሽ የሰው ጥላ፣ እጅ በእጅ እየተሳበ፣ ወደ መካከሉ፣ ሸራው ወደ ተቆነጠጠበት፣ ይመጣል። ትርንጎ የተቀመጠችው መካከሉ ላይ ነበር። እየቀረበ ሲመጣ እግሯን ሰብሰብ አድርጋ መንገድ ለቀቀችለት።