የመስኮቱ ዋጋ

ካሰች የአራሷን ክፍል መስኮት ዘግታ፣ ስንጥቁን በአሮጌ ጋቢ ወትፋዋለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ካሰች ሞኝ አይደለችም፣ የያዘችውን ግን ከሁለቱም ብሳ አትለቅም። የበኩር ልጇ ገና በአራስነቱ የሞተባት፣ ሙቀቱ አስጨንቋት በገዛ እጇ መስኮት በከፈተች ማግስት ነው። ሐኪሙ ሌላ ምክንያት ቢነግራትም ጆሮ አልሰጠችውም። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

አሁን ደግሞ ልጇ ኢያኤል ለአራስነት እናቷ ቤት መጥታ ወንድ ልጅ ወልዳለች። አራስን ነፋስ አይነካትም፤ አለቀ።

ፀደይ የምትባለው የዩኒቨርሲቲ መምህርት የመጣችው በዚህ መሃል ነው። ክረምቱን እዚያ ክፍል መደርደሪያ ላይ ትንሽ የመለኪያ ዕቃ አስቀምጣ ነበር። ውጤቱን ይዛ ስትገባ ፊቷ የአራስ ጠያቂ ፊት አልነበረም።

"እማማ፣ ሬዶን የሚባል ጋዝ ነው። ከአለቱ ይወጣል፤ አይታይም፣ አይሸትም። በወለሉ ስንጥቅ ገብቶ በተዘጋ ቤት ይጠራቀማል፤ ሲቆይ የሳንባ ካንሰር ያመጣል። ሳሎንዎ ደህና ነው። ይሄ ጓዳ ግን ከለካናቸው ሁሉ የባሰ ነው።"

ይብሳል እንጂ! ሟቹ ባሏ ደረሰ ጓዳውን የሠራው ከሐይቁ አጠገብ ያለውን የታቦር ተራራ ግርጌ ፈልፍሎ ነው። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል።

"መፍትሔውስ?" አለ የኢያኤል ባል ኤልናታን።

"ወለሉ ተሰብሮ ከሥሩ ቧንቧ ይቀበራል። ጋዙን ስቦ በጣሪያ የሚያወጣ ማራገቢያ ይገጠማል፤ ሌት ተቀን መሥራት አለበት።"

ኤልናታን ሳቀ፤ ሳቁ ግን የንዴት ነበር። ደሞዙ ለግድቡ ቦንድ ተቆርጦ የሚተርፈው ለሲሚንቶው እንኳ አይበቃም። መብራቱስ? ትናንት የሄደው ገና አልመጣም።

"እስከዚያው በነፃ የሚሆን ነገር አለ" አለች ፀደይ። "መስኮቱን ከፍቶ ማዋልና ማሳደር።"

"በነፃ?" ካሰች ብድግ አለች። "ለማን ነው በነፃ? የዚህን ዋጋ እኔን ጠይቂኝ!"

"እንግዲያው እትዬ ካሰች፣" አለ ኤልናታን፣ "ሚስቴንና ልጄን ይዤ ዛሬውኑ እወጣለሁ።"

አራስ ሳትጠና ከእናቷ ቤት ልትወጣ! ካሰች ሄዳ በሩ ላይ ቆመች። ኢያኤል አንዴ እናቷን፣ አንዴ ባሏን እያየች ሕፃኑን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

"ይሄ ጋዝ፣" አለች ካሰች ወደ ፀደይ ዞራ፣ "ሰው ለመግደል ስንት ዓመት ይፈጅበታል?"

"አሥርም ሃያም፤ ከዚያ በላይም ሊሆን ይችላል።"

ካሰች ቁልፉን አነሳች። ለእንግዳ ብቻ የሚከፈተውን ሳሎን ከፈተች፤ የአራሷን አልጋ ከኤልናታን ጋር ተሸክማ እዚያ አስገባች። ኤልናታን በደስታ ትከሻዋን ሳመ። ማምሻው ላይ ግን ኢያኤል እናቷ ፍራሽ ይዛ ወደ ጓዳ ስትሄድ አየቻት።

"እማዬ፣ የት ነው የምትተኚው?"

"እዚሁ ነዋ፤ ሌላ ክፍል የት አለ? ሃያ ዓመት ነው ያለችው፤ እስከዚያ እኔ አፈር ነኝ። ከቧንቧውም ከመስኮቱም ይሄ ይረክሳል።"

"መስኮቱን ክፈቺው እንግዲያ!"

"በዚህ እጄ ሁለተኛ መስኮት አልከፍትም።"

ኢያኤል ከአልጋዋ ወረደች። ልጇን ታቅፋ፣ ግድግዳውን እየተደገፈች፣ በዚያ በደከመ ሰውነቷ ጓዳው ገባችና እናቷ ፍራሽ ላይ ተኛች።

"ተነሺ፣ አንቺ ልጅ!"

"አልነሳም። የአንቺ ሳንባ ከኔ በምን ይለያል? ወይ ክፈቺው፣ ወይ ሦስታችንም ተዘግቶብን እንደር።"

ካሰች ለመነቻት፤ ተቆጣቻት፤ አለቀሰችባት። ኢያኤል ፊቷን አላዞረችም። ሕፃኑ ብቻ በዚያ በታፈነ አየር ውስጥ ይተነፍሳል። ካሰች ትንፋሹን እየሰማች ቆየች፤ ከዚያ ጋቢውን ከስንጥቁ መዘዘችው። እንደ ድሮው በልጅ ላይ ሞት የምትጠራ ነው የመሰላት። መቀርቀሪያውን ሳበችው።

መስኮቱ ተከፈተ። ካሰች ወዲያው ዞራ፣ ነጠላዋን በሁለት እጇ ዘርግታ፣ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ቆመች። ከሐይቁ የመጣው ነፋስ ቀዝቃዛ ነበር።

"እማዬ፣ ቁጭ በይ፤ ይደክምሻል" አለች ኢያኤል።

"ተይኝ" አለች ካሰች። "መጀመሪያ በእኔ ይለፍ።"