ለሚዛን የተፈለገው ሰው

"ቀስ! ቀስ በሉ እንጂ! ጆንያ መሰለቻችሁ እንዴ?"

ልብስ ሰፊው የቃሬዛውን የራስጌ እጀታ እንደያዘ ጮኸ። እናቱ ከነኦክስጅኗ በትንሿ አውሮፕላን በር ገባች፤ ነርሷም ተቀብላ ከፓይለቷ ወንበር ጀርባ ቃሬዛውን ከወለሉ ጋር አሰረችው። ሰውየው ላቡን በእጅጌው ጠርጎ ወደ ኋላ አፈገፈገ። የእሱ ሥራ እዚህ ላይ አብቅቷል። ከእናታቸው ጋር የምትሄደው ታላቅ እህቱ ናት።

ነገሩ የተወሰነው ጠዋት፣ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ነው። እናትየው የልብ ድካሙ ጠንቶባት ለአደጋ ስትደርስ፣ የትልቁ ከተማ ሐኪሞች ዛሬውኑ ቀዶ ሕክምና እናድርግላት አሉ። አውሮፕላንም ተገኘ። ታዲያ ከታማሚዋና ከነርሷ ሌላ መሳፈር የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው ተባለ። ሙቀቱ በርትቷል፣ ማኮብኮቢያ ሜዳው አጭር ነው፣ አውሮፕላኗ ከዚያ በላይ ይዛ አትነሳም። ማን እንደሚቀር ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ልብስ ሰፊው ብቻውን ለሁለት ተሳፋሪ የሚበቃ ሰው ነው። ገበያተኛው በምፀት "ላባ" ብሎ ስም ያወጣለትም ለዚሁ ነው። ታክሲ ውስጥ ሲገባ አጠገቡ የሚቀመጠው ሰው ገና ሲያየው በረጅሙ ይተነፍሳል። እሱም ከሁሉ ቀድሞ በራሱ መሳቅ ከለመደ ቆይቷል።

ጠዋትም ማንም ሳይጠይቀው፣ "አንቺ ሂጂ" አላት እህቱን። "እኔን እንኳን አውሮፕላን መሬቱም በመከራ ነው የቻለኝ።" ይህን ብሎ ሕንፃው ጀርባ ሄደና ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ከቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ላይ ባትነሳስ? እናቱ የመጨረሻ ሰዓቷን ያለ እሱ ብታሳልፍስ? ያስለቀሰው ይህ ነበር።

እህትየው አስተማሪ ናት፤ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ነገር የማይዘገይባት። ቦርሳዋን አንግታ ልትገባ ስትል ፓይለቷ በበሩ ብቅ አለች። የክብደት ስሌቷን ጨርሳ ኖሮ ግንባሯ ተቋጥሯል።

"አንዴ ቆይ እህቴ። ያ ሰውዬ ማነው?"

"የቱ?"

"ትልቁ።"

"ወንድሜ ነው። እሱ አይሄድም።"

"እኔ የምፈልገው እሱን ነው።"

ልብስ ሰፊው ሰማ፤ ፊቱም ጋለ። "ካፒቴን፣ ሌላ ቀን ቢሆን አብሬዎት እስቅ ነበር" አለ። "ዛሬ እናቴ ናት የተጫነችው። ይተዉኝ።"

"ማን ቀለደ?" ፓይለቷ መሰላሉን ወርዳ ፊቱ ቆመች። "ይስሙኝ። ቃሬዛው፣ ኦክስጅኑ፣ ነርሷ፣ እኔ፣ ሁላችንም ከፊት ነን። የአውሮፕላኗ አፍንጫ ከብዷል። አልጋ ለሁለት ተሸክመው ያውቃሉ? ፍራሹ ሁሉ ወደ አንድ በኩል ሲንሸራተት በዚያ በኩል ያለው ሰው አይጎብጥም?"

"ይጎብጣል እንጂ።"

"ይኸው ነው። ክንፉ የእርስዎንም ክብደት ይችላል፤ የሚችለው ግን ክብደቱ ቦታ ቦታውን ሲይዝ ነው። አፍንጫዋ ከከበደ ስናርፍ ቀና ላደርጋት አልችልም። ሌላ ጊዜ ከኋላ አሸዋ እንጭናለን፤ ዛሬ አሸዋው እዚህ የለም። እህትዎ ከኋላ ቢቀመጡም አይበቁም። እርስዎ ግን ልክ ነዎት።"

ልክ! የሰውን ሁሉ ልክ ሲለካ የኖረ ሰው፣ እሱን ራሱን ልክ ነህ ያለው አልነበረም። ወንበር ይጠበዋል፣ በር ይጠበዋል፣ የገዛ ስፌቱ እንኳ አንዳንዴ ይተረተርበታል።

"ሁለታችንም ብንሄድስ?" አለች እህትየው።

"አይሆንም። በዚህ ሙቀት አየሩ ይሳሳል፤ ክንፉም ሽቅብ የሚያነሳበት ጉልበት ይቀንሳል። ሳንነሳ ሜዳው ያልቅብናል።"

ልብስ ሰፊው እህቱን ቀና ብሎ ማየት አፈረ። እነዚህን ወራት ሁሉ እናታቸውን ያጠበቻት፣ ያገላበጠቻት እሷ ናት። እሷ ግን ቦርሳውን ከትከሻዋ አውርዳ ትከሻው ላይ አንጠለጠለችለት።

"ሂድ።"

"ያስታመምሻት እኮ አንቺ ነሽ..."

"ሂድ አልኩህ! ሆድህ ዛሬ ለሰው ሊጠቅም ነው። ሐሳቤን ሳልቀይር ግባ።" ድምፅዋ ተሰበረ።

አቀፋት። "ይህን ውለታሽን በምን እመልሳለሁ?"

"አንቀህ ባለመግደል" አለች ደረቱ ውስጥ ሆና።

ፓይለቷ የመጨረሻው ወንበር ላይ አስቀምጣ ቀበቶውን ራሷ አሰረችለት። "ወርደን እስክንቆም እንዳይነሱ። በተለይ ልናርፍ ስንል። ወደ ፊት ከመጡ ያቅተኛል።"

አውሮፕላኗ ሜዳውን እየነጠረች ሮጠች። ልብስ ሰፊው ትንፋሹን ዋጠ፤ የሜዳው ጫፍ ሲመጣ ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው ጣሪያዎቹ ከሥራቸው ነበሩ። ያን ጊዜ ደስታው ከልቡ ሞልቶ ፈሰሰ። እህቱን አመሰገነ፣ ፓይለቷን አመሰገነ፣ በመጨረሻም ሲያፍርበት የኖረውን ገላውን አመሰገነ። ይህ ሁሉ ሥጋ ባይኖረው ይሄኔ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ሰማይ ሰማይ ያይ ነበር። ከሩቅ የእናቱ ሽበት ይታየዋል፤ ለእሱ ዛሬ ከዚህ በላይ ፀጋ አልነበረም።

ወደ ማረፊያው ዝቅ ማለት ጀመሩና ሞተሩ ረገብ ሲል እናቱ ነቃች። ዓይኗን ሳትገልጥ እጇን ከብርድ ልብሱ አውጥታ አየሩን ዳበሰች።

"ልጄስ? ልጄ የት ሄደ?"

ነርሷ ዘወር ብላ በእጇ ጠራችው። "ይምጡ፣ እርስዎን ነው የሚፈልጉት!"

ሰውየው ሳያስበው እጁ ቀበቶው ላይ አረፈ። እናት እየጠራች ቁጭ ይባላል? ሦስት አራት እርምጃ ቢራመድ ይደርስባታል። ግን ጥርሱን ነክሶ እጁን ከመፍቻው ላይ አነሳ።

"አልችልም!" አለ። "አንቺ ያዢልኝ! እባክሽ እህቴ፣ እጇን ስለ እኔ ያዢልኝ!"

ነርሷ ገባት። ያችን የምትንከራተት እጅ በመዳፏ ተቀበለች። እናትየው የነርሷን ቀጫጭን ጣቶች አንድ በአንድ ነካካቻቸው፤ ግንባሯም ተኮማተረ።

"ምነው ልጄ... እንዲህ ከሳህ? አትበላም እንዴ?"

ነርሷ "እኔ እኮ ነኝ እማማ" ልትል አፏን ስትከፍት፣ ልብስ ሰፊው ፈጥኖ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። በመስኮቱ በኩል መሬቱ እየቀረበ ነበር።

"ትንሽ ቀንሻለሁ እማዬ!" አላት እንባው እየወረደ፣ ከተቀመጠበት ንቅንቅ ሳይል።