የሳሙናው መስመር

ልብስ ሰፊው ከሞተ ሰባት ወር ሆኖታል። ሰፈርተኛው «ዓይነ ሜትር» ነበር የሚለው። ሰው በሩ ላይ ቆሞ ደህና አደራችሁ ብሎ ሳይጨርስ፣ እሱ የትከሻውን ስፋት በዓይኑ ለክቶ ይጨርሳላ! ሚስቱም ከጎኑ ተቀምጣ ስትዘመዝምና ቁልፍ ስትተክል ሠላሳ ዓመት ኖረች። ለእሷ ግን አንድ ቀሚስ እንኳ ሰፍቶላት አያውቅም። ጎረቤቶች ሲቀልዱበት፣ «ደንበኛ ይቅደም፤ እሷ እንደሆነች የትም አትሄድብኝ» ይል ነበር። የሄደው ግን እሱ ሆነ።

ከቀብሩ በኋላ መሳቢያውን ስትከፍት ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ አገኘች። በሳሙና ስባሪ የቀሚስ ልክ ተስሎበታል፤ ትከሻው፣ ደረቱ፣ ወገቡ፣ ከየመስመሩ አጠገብም በዚያ በተንጋደደ የእጅ ጽሑፉ ቁጥሩ። የደንበኛን ስም ጽፎ የማይጠግብ ሰው፣ እዚህ ላይ ስም አልጻፈም። ጥጉ ላይ «የእሷ» ብሎ ብቻ ትቶታል። ሴትዮዋ ያን ቀን ከቀብሩ ቀን ይልቅ አብዝታ አለቀሰች።

ታዲያ ዘንድሮ ሰፈሩ አንድ ነገር መከረ። እያንዳንዱ ቤት ከገዛ ልብሱ የራሱን ባንዲራ ሠርቶ መንገድ ለመንገድ በተዘረጋው ገመድ ላይ ይሰቅላል፤ ሐሳቡ የጸጉር ሠሪዋ ነው። ሹፌሩ የአባቱን ካፖርት አመጣ፣ አዋላጇ ሃያ ዓመት የለበሰችውን ሽርጥ። መርፌ መያዝ የማይችለው ሁሉ ወደ ሰፊው ሚስት መጣ፤ እሷም የሁሉንም ሰፋች። ለራሷ ያሰበችው ያን ሰማያዊ ጨርቅ ነው። ሳሙናው እጥፋቱ ላይ መርገፍ ጀምሯል። መስመሩን ሁሉ፣ ቁጥሩንም ሳይቀር፣ በነጭ ክር ተከትላ ትሰፋዋለች፤ ከዚያ ወዲያ የእሱን እጅ ማንም አያጠፋውም።

ቅዳሜ ጠዋት የጎረቤቶቿን ጨርቆች ስትተኩስ ቆይታ ተራው የእሷ ሆነ። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባል የለ? ሳይተኮስ መርፌ የነካው ጨርቅ በዚያ ቤት ኖሮ አያውቅም። ውሃ ረጨት አደረገችበትና ካውያውን አንዴ ወሰደችው፣ መለሰችው።

«እማዬ! መስመሩ!» ብላ አጠገቧ የቆመችው ልጇ ጮኸች።

ጨርቁ ጥርት ብሎ ነበር። ሰፊ ሁሉ በሳሙና የሚያሰምረው ካውያ ሲነካው እንዲጠፋለት ነው፤ ይህን ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ ማን አለ? ካውያውን አስቀምጣ እወንበሩ ላይ ዘጭ አለች።

«ደግሜ ገደልኩት» አለች።

«ኧረ አይዞሽ እማዬ፣ እንዲህ አይባልም! ቁጥሩን በቃልሽ ታውቂው የለ? እሱስ የለካው አንቺን አይደል? ተነሽ፣ ለክቼሽ መልሰን እንስለዋለን።»

ተነሣች። ልጇ ሜትሩን ወገቧ ላይ አዞረች።

«ስንት ነበር ያለው?»

«ሰማንያ ስድስት።»

ልጅቷ ሜትሩን አላላችና እንደገና ለካች።

«ንገሪኝ እንጂ!»

«ሰባ አንድ» አለች ልጅቷ፣ ቀና ብላ ሳታያት።

ደረቷም፣ ትከሻዋም እንደዚያው ቀንሶ ነበር። በሰባት ወር ውስጥ ሐዘን እንዴት አድርጎ እንደጨረሳት እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላስተዋለችውም። መቀነቷን ስታጠብቅ ኖራለች እንጂ ለምን ብላ አልጠየቀችም። ሳሙናውን ከልጇ እጅ ወስዳ ጠረጴዛው ላይ መለሰችው።

እሑድ መንገዱ በባንዲራ ተሸፈነ። ሰው እየተዟዟረ የየራሱን ታሪክ ያወራል፣ ሹፌሩ ሳይቀር አለቀሰ። ጸጉር ሠሪዋ ከሰማያዊው ጨርቅ ሥር ስትደርስ ቆም አለች።

«የኔ እመቤት፣ የሁላችንን ሰፍተሽ የራስሽን ባዶውን ሰቀልሽው?»

«ሁለት ሰው ነበረበት፣ የሳለውና የተሳለችው» አለች የሰፊው ሚስት። «አሁን ሁለቱም የሉም።»